የአረጋውያን አይሮፕላን ነጂዎች ወግና የታሪክ ምስክርነቱ



ከቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ አጠገብ በሚገኘው በቦሌ ሚካኤል ሠፈር የሚኖር ሰው ንግግሩን አቋርጦ እንደገና መቀጠልን የለመደ ነው። አይሮፕላን በጣራዎች ላይ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ሻጩ ዋጋ መጥራቱን፥ ገዢውም መከራከሩን ለጥቂት ጊዜ ይተዋል፤ ድምፁ ሲርቅ ሁለቱም ካቆሙበት ይቀጥላሉ። አንገቱን ቀና አድርጎ የሚመለከት ሰው ግን ብዙ አይገኝም። ከሚመለከቱት ጥቂቶች መካከል ምናልባት አንድ ሽማግሌ ታዩ ይሆናል። እኒህ ሽማግሌ የሚመለከቱት ተደንቀው አይደለም፤ ነጂው ጎማውን በጊዜው አውርዷልን፥ ከጎን የሚመጣውን ነፋስ አስቦበታልን፥ ፍጥነቱስ ልክ ነውን እያሉ እንደ ፈታኝ ይመረምራሉ። ቀርባችሁ ብትጠይቋቸው ከብዙ ዓመት በፊት የአየር ኃይል መኰንን እንደ ነበሩ ይነግሯችኋል።

እንደነዚህ ያሉት አረጋውያን ሁለትና ሦስት ሆነው በተገናኙ ጊዜ ወጋቸው ከሌላው ሰው ወግ የተለየ ነው። ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ጉልበት ሕመም ጥቂት ከተነጋገሩ በኋላ እጆቻቸው ከጠረጴዛው ላይ ይነሣሉ። ቀኝ እጅ አንደኛው አይሮፕላን፥ ግራ እጅ ሁለተኛው ይሆናል፤ የቡናው ስኒ ተራራ ነው፥ የስኳሩ ዕቃም ደመና ነው። አንዱ እጅ ሌላውን ሲከተል፥ ሲዞርና ሲገለበጥ ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው የሃያ አምስት ዓመት ጐልማሳ መስሎ ይታያል። አሳላፊው ስኒውን ሊያነሣ ሲመጣ «ተራራውን ተውልን!» ይሉታል።

ይህ የሽማግሌዎች መጫወቻ ነው፥ ከዚያ የበለጠ ቁም ነገር የለውም የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ግን ከዚህ አሳብ ጋር አልስማማም። በእነዚያ ጠረጴዛዎች ዙሪያ የሚነገረው ነገር በሌላ ስፍራ የማይገኝ የታሪክ ምስክርነት ነውና፤ ምክንያቱንም ላስረዳ።

በጦር አይሮፕላን የሚዋጋ ሰው ብዙውን ጊዜ ብቻውን ተቀምጦ ይነዳል። በሰዓት 1000 ኪሎ ሜትር የሚበር አይሮፕላን በአንዲት ሰከንድ ውስጥ ከ270 ሜትር በላይ ያልፋል፤ እንግዲህ ዓይን ጨፍኖ በመግለጥ መካከል ያለውን ርቀት ገምቱ። ነጂው በጠላት አይሮፕላን ላይ ከተኰሰ በኋላ ወዲያው ዞሮ መራቅ ይገባዋል። ስለዚህ የመታው አይሮፕላን መውደቁን ብዙ ጊዜ ራሱ አያይም። የሚያየው በስተኋላ ሆኖ የሚጠብቀው ተከታዩ ነው። ተከታዩ ደግሞ የመሪውን ጀርባ ሲጠብቅ በፊት በኩል የሆነውን ሁሉ ሊያይ አይችልም። እንግዲህ የአንድ የአየር ውጊያ ታሪክ በአንድ ሰው አፍ ግማሽ ነው። የሚሞላው መሪና ተከታይ አንድ ላይ ሲቀመጡ ነው። ከሁለቱ አንደኛው የሞተ እንደ ሆነ ግማሹ ታሪክ አብሮት ወደ መቃብር ይወርዳል።

ደግሞም ጉራ የሚባለው ነገር በዚህ ጉባኤ ፊት አይበረክትም። ለልጅ ልጆቹ ሲተርክ ሦስት አይሮፕላን የጣለ ሰው፥ የዚያን ቀን አብረውት የበረሩ ጓደኞቹ ፊት ሲደርስ አንድ ብቻ መጣሉን ያስታውሳል። ለዚህ ነው የተሰበሰቡትን ሽማግሌዎች ብቻውን ከተቀመጠው ሽማግሌ ይልቅ የማምነው።

የአገራችን የአየር ታሪክ ከመጀመሪያው አንሥቶ በጥቂት ሰዎች እጅ ያለፈ ነው። የመጀመሪያው አይሮፕላን አንድሬ ማዬ በተባሉ ፈረንሳዊ ነጂ እጅ ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ፖቴዝ 25 የተባለ ባለ ሁለት ድርብ ክንፍ አይሮፕላን ነበር። ብዙም ሳይቆይ ዩንከርስ የተባለው የጀርመን አይሮፕላን ተከተለው። ከዚያ ወዲህ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ኢትዮጵያውያን ለብቻቸው መብረር ጀመሩ፤ ከእነርሱም ቀዳሚዎቹ አባታቸው ሩሲያዊ እናታቸው ኢትዮጵያዊት የሆኑት ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ ናቸው። ወይዘሮ ሙሉእመቤት እምሩም ከወራሪው መምጣት በፊት ትምህርቱን የጀመሩ የመጀመሪያዪቱ ሴት ናቸው። በዚያው ዘመን የሚያስቅም ነገር አልጠፋም፤ በ1923 ዓ.ም. ለንግሥ በዓል ዝግጅት ሲደረግ ሁበርት ጁልየን የተባለ ከትሪኒዳድ የመጣ በራሪ የንጉሠ ነገሥቱን አዲስ አይሮፕላን ይዞ ተነሥቶ ከሰከሰው፥ ከአገርም እንዲወጣ ተደረገ።

ሌላው ጥቁር አሜሪካዊ ጆን ሮቢንሰን ግን በግንቦት 1927 ዓ.ም. መጥተው አየር ኃይሉን በአዛዥነት መሩ። በእጃቸው የነበሩት አይሮፕላኖች ጥቂትና ያረጁ፥ አብዛኞቹም መሣሪያ የሌላቸው ነበሩ፤ በአንጻሩ ጣሊያን በመቶ የሚቈጠሩ አሰልፎ ነበር። ስለዚህ የእነዚያ ነጂዎች ሥራ ውጊያ ሳይሆን መልእክትና መድኃኒት ማድረስ ነበር። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አድዋ በቦምብ ስትደበደብ ሮቢንሰን በዚያው ነበሩ። ከነፃነት በኋላም በ1936 ዓ.ም. ተመልሰው ወጣቶችን አስተማሩ፤ በመጋቢት 1946 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በደረሰባቸው የአይሮፕላን አደጋ አረፉ፥ በዚሁ አገርም ተቀበሩ። ያስተማሯቸው ሰዎች መምህራቸውን እንዴት እንደሚያስታውሱ ከአፋቸው የመስማት ዕድል የነበረው ትውልድ ምን ያህሉን በጽሑፍ እንዳኖረ እናንተው ፍረዱ።

በዚያው በ1927–28 ዓ.ም. ሉድቪግ ቬበር የተባሉት ጀርመናዊ መሐንዲስ ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆነው አዲስ አበባ ላይ አንዲት አነስተኛ አይሮፕላን ሠሩ። በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ስም «ፀሐይ» ተባለች። ጣሊያኖች ወሰዷት፥ በሮም አቅራቢያ በሚገኝ ቤተ መዘክር ለብዙ ዓመታት ቆመች፥ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. የጣሊያን ጠቅላይ ሚኒስትር ለኢትዮጵያ መንግሥት አስረከቡ። የአንዲት አይሮፕላን እንጨትና ሸራ ሰማንያ ስምንት ዓመት ያህል ተጠብቆ ሲመለስ ደስ ይላል፤ የሰው ቃል ግን በቤተ መዘክር ሊቆም አይችልም፥ ካልተጻፈ አይመለስም።

አሁን ወደ ቢሾፍቱ እንለፍ፤ ዛሬ በየቡና ቤቱ የምናገኛቸው ሽማግሌዎች የተፈጠሩት በዚያ ነውና። ከነፃነት በኋላ የአየር ኃይሉ ትምህርት ቤት በቢሾፍቱ ሲቋቋም መሪ ሆነው የመጡት ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ነበሩ። እኒህ ሰው ለኢትዮጵያ እንግዳ አልነበሩም፤ በ1928 ዓ.ም. በቀይ መስቀል አይሮፕላን ቁስለኞችን ያመላለሱ ናቸው። በግንቦት 1939 ዓ.ም. ሳፊር የተባለችውን ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አይሮፕላን ይዘው ከስቶክሆልም ተነሥተው በየትም ሳያርፉ አዲስ አበባ ገቡ፤ ከ6000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፥ ከሠላሳ ሰዓት በላይም ፈጅቶባቸዋል። በዚያች በሳፊር ዓይነት አይሮፕላን ብዙ የኢትዮጵያ ወጣቶች የመጀመሪያ ትምህርታቸውን ተማሩ።

ከቢሾፍቱ ሰዎች ጋር የተቀመጠ ሁሉ አንድ ነገር ደጋግሞ ይሰማል፤ እርሱም የከፍታ ጉዳይ ነው። ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል 1900 ሜትር ያህል፥ የቦሌ ማረፊያ ደግሞ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ብለው ይገኛሉ። በቦሌ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በአምስት እጅ አንዱ ያህል የሳሳ ነው። አየር ሲሳሳ ሞተሩ ኃይል ያጣል፥ ክንፉም የሚደገፍበት ያንሰዋል፤ ስለዚህ አይሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት ረጅም ርቀት መሮጥ ይኖርበታል። ቀትር ላይ ፀሐይ ስትበረታ አየሩ ይበልጥ ይሳሳል። በአውሮፓ ሜዳ ላይ ተምሮ የመጣ የውጭ አገር መምህር የመንደርደሪያው መጨረሻ እየቀረበ አይሮፕላኑ አልነሣ ሲለው የሚደነግጠውን ድንጋጤ የኛ ሰዎች በሳቅ ይተርካሉ። ለእነርሱ ከመጀመሪያ ቀን ጀምሮ የለመዱት ነገር ነውና። በኋላ በሌላ አገር ሲበሩ አይሮፕላኑ ሳይጠሩት የሚነሣ መስሎ ይሰማቸው ነበር ይላሉ።

የልደታው አሮጌ ማረፊያ ለጄት አይሮፕላኖች የማይበቃ ሆኖ ቦሌ የተሠራውም ከዚሁ ጋር በተያያዘ ምክንያት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አድርጎ ነበር፤ በ1955 ዓ.ም. ግን ቦይንግ ጄቶችን ከቦሌ ማብረር ጀመረ። የጦር ሠራዊቱ ነጂዎች አንዳንዶቹ ወደዚያ አለፉ።

ጄት በጦሩ ዘንድ ቀድሞ ገብቶ ነበር። ኤፍ 86 የተባሉት አሜሪካ ሠራሽ ተዋጊዎች ከመጡ ብዙም ሳይቆይ የኮንጎ ጉዳይ ተነሣ። ከኮንጎ የተገነጠለው የካታንጋ ወገን የነበረው አንድ ፉጋ የተባለ የማሠልጠኛ ጄት የተባበሩት መንግሥታትን ጦር ሲያስጨንቅ፥ የዓለሙ ማኅበር ተዋጊ አይሮፕላን እንዲሰጡት አባሎቹን ጠየቀ። በ1954 ዓ.ም. መጀመሪያ ስዊድን፥ ህንድና ኢትዮጵያ ላኩ፤ የኢትዮጵያ ድርሻ አራት ኤፍ 86 ነበር። በጄኔቫ አቤቱታዋ ሰሚ ያጣ አገር ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ለሌላው አፍሪቃዊ ደኅንነት ጄት ስትልክ ምን ትርጉም እንዳለው ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ከዚያ ዘመቻ የተመለሱት ነጂዎች ዛሬ በሕይወት ካሉ ዕድሜያቸው ወደ ዘጠና የተጠጋ ነው።

የብዙዎቹ ወግ የሚያርፈው ግን በ1969 ዓ.ም. ክረምት ላይ ነው። በሐምሌ ወር የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ሲወር፥ የሶማሊያ አየር ኃይል ሚግ 21 እና ሚግ 17 የተባሉ የሶቪየት አይሮፕላኖች ነበሩት፤ በቁጥርም ከእኛ ይበልጡ ነበር። በኛ በኩል ኤፍ 5 የተባለው አሜሪካ ሠራሽ ተዋጊ ነበር፤ ከአዲሱ ዓይነት ከኤፍ 5 ኢ የደረሱት ግን ጥቂቶች ናቸው፤ ከአሜሪካ ጋር የነበረው ወዳጅነት በዚያው ዓመት ስለ ተቋረጠ የታዘዘው ሁሉ አልመጣም፥ መለዋወጫውም ቆመ። እንግዲህ አስተማሪው አገር እጁን በሰበሰበ ማግሥት ተማሪው ብቻውን ለጦርነት ተጠራ ማለት ነው።

ውጤቱን ዓለም አይቶታል። በካራማራ ተራራ ላይ የነበረው ራዳር የጠላትን አመጣጥ ይነግራል፥ ከድሬዳዋ የሚነሡት ኤፍ 5ዎች ከፍ ብለው ይጠብቃሉ። ኤፍ 5 ኢ ከሚግ 21 ፍጥነቱ ያንሳል፥ ነገር ግን በዝቅተኛ ፍጥነት ሲዞር ለነጂው ይበልጥ ይታዘዛል፤ ስለዚህ ጥበቡ ጠላትን ወደ መዞር ማባበል፥ በቀጥታ ሩጫ ከእርሱ ጋር አለመፎካከር ነበር። ይህን ነገር ሽማግሌዎቹ በእጃቸው ሲያሳዩ ማንም ይገባዋል፤ ግራ እጅ በኃይል አልፎ ይሄዳል፥ ቀኝ እጅ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፥ ከዚያም ከኋላው ይገኛል። በዚያ ወቅት እንደ ለገሠ ተፈራና እንደ ባጫ ሁንዴ ያሉ ወጣት መኰንኖች ስም ገነነ። ለገሠ ተፈራ አይሮፕላናቸው ተመትቶ በጃንጥላ ወርደው ተማረኩ፤ በሶማሊያ እስር ቤት አሥራ አንድ ዓመት ቆይተው በ1980 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ሲስማሙ ወደ አገራቸው ተመለሱ። አሥራ አንድ ዓመት! አንድ ልጅ ተወልዶ ወደ አምስተኛ ክፍል የሚደርስበት ጊዜ ነው።

በዚያው በሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. የቢሾፍቱን ትምህርት ቤት የመሩት ካውንት ፎን ሮዘን በጎዴ ላይ በሶማሊያ ጥቃት ተገደሉ። በዚያን ጊዜ የዘመቱ አልነበሩም፤ በ1966–67 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በትናንሽ አይሮፕላኖች ዝቅ ብለው እየበረሩ ለተራቡት እህል ይጥሉ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ያቋቋሙት ትምህርት ቤት ልጆች ወደ ውጊያ በሚገቡበት በመጀመሪያው ሳምንት እርሳቸው ማረፋቸው ያሳዝናል።

ጂጂጋ በመስከረም 1970 ዓ.ም. ተያዘች፥ የካራማራውም ራዳር ጠፋ። ኋላም የሶቪየት መሣሪያና የኩባ ወታደሮች ገብተው የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጂጂጋ ተመለሰች። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ነገር ግን በሐምሌና በነሐሴ ስንት የጠላት አይሮፕላን ወደቀ፥ በማን እጅ ወደቀ ብላችሁ ብትጠይቁ አንዱ መጽሐፍ ከሌላው ጋር አይስማማም። የሚስማሙት፥ ወይም አለመስማማታቸውን በምክንያት የሚያስረዱት፥ እነዚያ ሁለት እጆች ናቸው።

«ታዲያ ለምን እስካሁን አልጻፉትም?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱም ከእነርሱ ይልቅ ከእኛ ዘንድ ነው። በ1967 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የተሠራውን ሥራ ማመስገን አደገኛ ሆነ። ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. በተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት የአየር ኃይሉ አዛዥ ሜጀር ጄኔራል አምኃ ደስታ ሞቱ፥ ብዙ መኰንኖችም ተያዙ፤ ከዚያ በኋላ ጓደኛን በስም መጥራት እንኳ ያስፈራ ነበር። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ መንግሥት ሲመጣ የትናንትናው ጀግና የወደቀው መንግሥት ወታደር ተባለ። አንዳንዶቹ አይሮፕላናቸውን ይዘው ወደ ጎረቤት አገር ሄዱ፥ አንዳንዶቹ ታሰሩ፥ ሌሎቹም ሥራ አጥተው ቀሩ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ግን ከእነዚሁ ሰዎች ብዙዎቹ እንደገና ተጠሩ፥ ሄዱም። ሦስት መንግሥት እያንዳንዱ የታሪኩን አንድ ክፍል እንዳይነገር ያደረገበት ሰው ዝምታን ቢለምድ አይፈረድበትም። ዛሬ በሽምግልና ሲገናኙ አፋቸው የሚፈታው የሚፈሩት ነገር ስላነሰ ነው፤ ጊዜያቸውም ስላነሰ ነው።

በዚያ ጠረጴዛ ላይ የማይገኙም አሉ። ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ በ1976 ዓ.ም. ገደማ በኤርትራ ግንባር አይሮፕላናቸው ተመትቶ ተማርከው ነበር፤ በ1990 ዓ.ም. እንደገና ተጠርተው ሲበሩ አሥመራ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ተመትተው ወደቁ፥ ተማረኩም። ከዚያ ወዲህ ስለ እርሳቸው ዕጣ በይፋ የተገለጠ ነገር የለም። የእርሳቸውን ወግ እርሳቸው አልነገሩትም፤ ጓደኞቻቸው ግን ስማቸውን ሲያነሡ እጆቻቸውን ከጠረጴዛው ላይ ያወርዳሉ።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምትሠሩ አንባብያን ይህ ነገር ከእናንተ ሥራ የራቀ እንዳይመስላችሁ። እያንዳንዱ ነጂ የበረራ መዝገብ የሚባል ደብተር ነበረው። በዚያ ደብተር ላይ የበረራው ቀን፥ የአይሮፕላኑ ዓይነትና ቁጥር፥ የተነሣበትና ያረፈበት ስፍራ፥ በአየር ላይ የቆየበት ሰዓት በየመስመሩ ይጻፋል። ጉራ የማይገባበት ጽሑፍ ነው። ሽማግሌው ሲያርፉ ያ ደብተር ከአሮጌ ልብስና ከጡረታ ወረቀት ጋር በአንድ ሣጥን ውስጥ ይቀራል፤ ቤት ሲለወጥ፥ ቤት ሲፈርስ ደግሞ ሣጥኑ ይጠፋል። በቦሌ ሚካኤልም ሆነ በሌላው ሠፈር በቅርብ ዓመታት ስንት ቤት ፈርሶ ስንት ፎቅ እንደ ተሠራ ታውቃላችሁ። የዚህ ዓይነት ደብተር በቤቱ ያለ ሰው ወመዘክር እየተባለ ወደሚጠራው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ይዞ ቢሄድ፥ ወይም ቢያንስ ገጹን በፎቶግራፍ ቢያስነሣ መልካም ነው።

ከነጂዎቹም ጋር መካኒኮቹን አትርሱ። የአሜሪካ መለዋወጫ በቆመበት በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ኤፍ 5ዎቹ በየቀኑ ሊነሡ የቻሉት ሌሊት በመብራት ሞተር ፈትተው የገጠሙ፥ ከአንዱ አይሮፕላን ፈትተው ለሌላው ያደረጉ፥ ቦምብና ጥይት የጫኑ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው። በሽማግሌዎቹ ስብሰባ ላይ እነዚህ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ዳር ላይ ይቀመጣሉ፥ በእጃቸውም አይሮፕላን አይሠሩም። ነጂው ስለ አንድ በረራ ተርኮ ሲጨርስ ግን ከዳር ያለው ሰውዬ «ያን ቀን የግራው ሞተር ዘይት ያንጠባጥብ ነበር፥ ነገሬህ አልነበር?» ይለዋል። ነጂውም ጥቂት ያስብና «አዎን፥ ነግረኸኝ ነበር» ብሎ ታሪኩን ከመጀመሪያው እንደገና ይጀምራል።